ሐሙስ ይተላለፋል

በከተማው ስሟን የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ድምፅዋን የማያውቅ ግን የለም። በክልሉ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማይክሮፎኑ ፊት ትቀመጥና «በቀጣይ የምናቀርብላችሁ…» ብላ ትጀምራለች። በሳምንቱ የሚተላለፉትን ፕሮግራሞች፣ የመንደር ስብሰባውን፣ የክትባቱን ቀን፣ የጠፋውን መታወቂያ፣ የሞተውን ሰው የቀብር ሰዓት፣ ሁሉንም በዚያችው ድምፅ፣ ሳትቸኩል ሳትንቀራፈፍ ትነግራለች። ስለዚህ መጠሪያዋ «እትዬ በቀጣይ» ሆኖ ቀረ። ገበያ ስትወጣ ሻጮቹ «እትዬ በቀጣይ፣ በቀጣይ ምን ልመዝንልሽ?» ይሏታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ሲጣሉ እንኳ «እሺ፣ በቀጣይ ደግሞ ምን ልታመጪ ነው?» ይላትና ጠባቸው በሳቅ ያልቅ ነበር።

ከማስታወቂያው ሌላ የራሷ የምትለው አንድ ፕሮግራም ነበራት። «የመንደራችን ሰው» ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ማንም ልብ የማይለውን አንድ ሰው ለሃያ ደቂቃ ታስወራለች፤ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰውዬ፣ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ያረጀችውን ሴት፣ የድልድዩን ዘበኛ። ማስታወቂያውን ለእንጀራዋ ታነባለች፤ ይህችን ግን ለነፍሷ ነበር የምትሠራት። ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር ቀርቷት ነበር። ስለ ጡረታው ስታስብ የምትሳሳውም ለዚህችው ሐሙስ ነው።

መስመረኛው ወደ ጣቢያው የመጡት ማንም ሳይጠራቸው ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ውስጥ አርባ አንዱን በስልክ መሥሪያ ቤት፣ ምሰሶ እየወጡ የተበጠሰ መስመር ሲቀጥሉ አሳልፈዋል፤ መጠሪያቸውም ከዚያው የመጣ ነው። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ከረባት አስረው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የቢሮዋ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የመንደራችን ሰው የሚባለውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እኔን አቅርቢኝ።»

ፈገግ አለች። እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ሱቁን ማስወደስ ይፈልጋል፣ ሌላው ጎረቤቱን መክሰስ። «ስለ ምን ሊያወሩን ነው አባባ? ስለ ስልኩ ሥራ?»

«ስለ ስልኩም አወራለሁ፤ ሰው ጆሮውን እንዲሰጠኝ። ዋናው ግን ሌላ ነው። እሱን ማይክሮፎኑ ፊት ነው የምነግርሽ፤ ሁለት ጊዜ የምናገርበት አቅም የለኝም።»

አስገባቻቸው። የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ሳቅ ብቻ ነበር። የስልክ ሳጥን ውስጥ ቤት ስለሠሩ ንቦች አወሩ። «አማቴ እንዳትደውልብኝ መስመሩን በጥሰህልኝ ሂድ» ብላ ስለለመነቻቸው ሙሽራ አወሩ። ከመስተዋቱ ማዶ ያለው ቴክኒሻን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዝም አሉ። እትዬ በቀጣይ አላቋረጠቻቸውም፤ ዝም ያለ ሰው መጠበቅ ታውቅበታለች።

«አሁን የምናገረው ለልጄ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሚስታቸው ታመመች። የከተማው ሐኪም መረመራትና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ ብሎ የሪፈር ወረቀት ጻፈ። ትልቁ ሆስፒታል በመኪና የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። መስመረኛው ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቤት ገብተው ለልጃቸው «ሐኪሙ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ቤቷ ትረፍ ብሏል» አሏት። ሚስታቸው በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።

«ለምን ደበቁት አባባ?» አለች እትዬ በቀጣይ።

«ፈራሁ። መንገድ ላይ ትሞትብኛለች፣ ሰው አገር ብቻዬን ከሬሳ ጋር እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። አርባ ዓመት ምሰሶ ላይ ነፋስ ሲያወዛውዘኝ ያልፈራሁ ሰውዬ፣ አንድ ወረቀት ፈራሁ።»

ልጅቱ ስለ ወረቀቱ ከአንዲት ነርስ ሰማች። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አባቷ ፊት ቆማ «አባዬ፣ ወረቀት ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም «የለም! ውሸታም! እናትሽ ሳትቀበር በእኔ ላይ እንዲህ የምትይ አንቺ ልጄ አይደለሽም!» አሏት። ሕዝቡ ፍርዱን ለአባት ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ በከተማው «በእናቷ ሬሳ ላይ አባቷን የከሰሰች» ተባለች። ያጫት ሰው ነበረ፤ እናቱ «ወላጅዋን ያላከበረች እኛን ልታከብር ነው?» ብለው አስተዉት። ሌላም አልመጣ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ አስራ አንድ ዓመት አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

«ወረቀቱ ነበር» አሉ ሽማግሌው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ልክ ስልክ እንደሚሞክር ሰው። «ሰው ሁሉ ይስማኝ። ወረቀቱ ነበር። ልጄ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ቴክኒሻኑ ከመስተዋቱ ማዶ አንገቱን ደፋ።

ሲወጡ እትዬ በቀጣይ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን እያስወረደቻቸው «አባባ፣ እዚሁ ካለች ለምን ሄደው አይነግሯትም?» አለቻቸው።

«ልብስ ፋብሪካው ካውያ ክፍል ናት። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይከፈታል አሉ እዚያ።» ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ እኔ ውሸታም ያልኳት በአደባባይ ነው። በአደባባይ የቀማኋትን በጓዳ ብመልስላት፣ ያው ሌብነት ነው።»

ሰኞ ጠዋት እትዬ በቀጣይ አነበበች፦ «በቀጣይ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ በ‹የመንደራችን ሰው› ፕሮግራማችን አርባ አንድ ዓመት በስልክ ምሰሶ ላይ ያሳለፉ አባት እናቀርብላችኋለን። ለልጃቸውም የሚነግሯት ነገር አላቸው።» ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመረቻት ራሷ ናት፤ ልጅቱ ጆሮዋን እንድታቆም ብላ።

ሐሙስ የምክር ቤቱ ስብሰባ በቀጥታ ይተላለፍ ተባለና «የመንደራችን ሰው» ቀረ። ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው በሩ ላይ ነበሩ። አልተቆጡም። «ሐሙስ ነው አይደል?» ብቻ አሉ። «ሐሙስ ነው አባባ፤ የሚመጣው።» በሚመጣውም ሐሙስ የክልሉ ቡድን ለዋንጫ ደረሰና ኳስ ተላለፈ። ዓርብ አሁንም መጡ፤ ደረጃውን መውጣት ስላቃታቸው ዘበኛው ወንበር አውጥቶላቸው በሩ ላይ ጠበቋት። «የሰው ጉዳይ ከኳስ አይበልጥም» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ቅጂውን ላዳምጠው አለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የሚፈራውን ሁሉ ግን ገና ሳይመጣ ነው የሚፈራው። አዳመጠና ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

«እትዬ፣ ግሩም ነው። ምሰሶው፣ ንቡ፣ ሙሽራዋ፣ ግሩም ነው። ይኼ የሐኪሙና የወረቀቱ ነገር ግን ረዝሟል። ጤና ቢሮ ደግሞ ስለ እኛ ሐኪም ምን አወራችሁ ይላል።»

«ሐኪሙን ማን ነካው? ሐኪሙማ ወረቀቱን ጽፏል።»

«ይገባኛል። ግን ሰባት ደቂቃ ያድርጉልኝ። ወረቀቱን ጨርሰው አያውጡት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይተዉ። ‹ወረቀቱ ነበር፣ ልጄ አልዋሸችም።› ይበቃል እኮ። እንዲህ ካደረጉት የዛሬውን ሐሙስ አሁኑኑ እፈርምልዎታለሁ።»

እትዬ በቀጣይ ደሟ ፈላ። ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት የቆዩበት ዝምታ ሊቆረጥ ነው። «ፈራሁ» ያሉት ሊቆረጥ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰውን ስብሰባና የሰውን መታወቂያ ስታነብ ኖራ፣ በዕድሜዋ የሠራችው ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይኼ ነው፤ እንደ ቆዳ ተልጦ፣ ንቡና ሙሽራዋ ብቻ ቀርተው፣ እውነቱ በሁለት መስመር ተሰፍቶ ሊወጣ!

«እንዲህ ሆኖ ከሚወጣ ቢቀር ይሻላል» አለች።

«እንግዲያው ይቆይ። ዋናውን መሥሪያ ቤት ልጠይቅበት።»

«ይቆይ» አለችና ቀና ብላ ወጣች። ያን ቀን በራሷ ኮርታ ነበር።

ዓርብ ሽማግሌው አልመጡም። የጎረቤታቸውን ሴት ልከው «ሐሙስ ነው ወይ በይልኝ ብለዋል» አስባሏት። «ሐሙስ ነው በያቸው» አለች እትዬ በቀጣይ፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ሰኞም እንደ ልማዷ «በቀጣይ ሐሙስ» ብላ አነበበች።

ረቡዕ ጠዋት ከማስታወቂያዎቹ ጋር የቀብር ወረቀት ተሰጣት። እንደ ሁልጊዜው ዐይኗ እያየ አፏ ቀደመ። የሟቹን ስም አነበበች። «ለረጅም ዓመታት በስልክ መሥሪያ ቤት በመስመር ሠራተኛነት ያገለገሉት» የሚለውን አነበበች። የቀብሩን ሰዓት አነበበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ከቀብሩ ቀጥሎ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ነበር፣ እሱንም አነበበች። ያነበበችው የገባት ማይክሮፎኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ቴክኒሻኑ ገብቶ ትከሻዋን ሲነካት «ማነው የሞተው ያልኩት አሁን?» አለችው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። እሱም ደነገጠ፤ ደንግጦም ለሰለሰ። «ነፍስ ይማር። በቃ፣ ነገ ይተላለፍ። ሙሉውን። እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

እየሮጠች ወደ ቴክኒሻኑ ተመለሰች። ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰውዬው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት፣ ሲፈልግ፣ እንደገና ሲፈልግ፣ ፊቱን ብቻ አይታ ነገሩን አወቀችው።

«ማክሰኞ ተጠረገ» አላት።

«ምኑ?»

«ያልተላለፉት ቅጂዎች ሁሉ። ማስቀመጫው ሞልቶ አዲስ ሊገባ ነው፣ እስከ ሰኞ የሚፈልገውን ያልገለበጠ ይጠፋበታል ብለው ወረቀት ለጥፈው ነበር እኮ። እኔ አንቺ የገለበጥሽው መስሎኝ።»

«የት ነው የተለጠፈው?»

መተላለፊያው ላይ ነበር። ከሥሩ ሁሉም ሠራተኛ «አንብቤአለሁ» ብሎ ፈርሟል። የእሷም ፊርማ አለ፣ ከላይ ሦስተኛው። ለሕዝብ ሃያ ስምንት ዓመት ስታነብ የኖረች ሴት ያን ወረቀት ሳታነብ ነው የፈረመችው። ለማን እንደምትጮህ ጠፋት። በዚያ ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ሙዚቃ ተላለፈ።

ዓርብ ልጅቱ መጣች። ልጅቱ ይባል እንጂ አርባ የተጠጋች ሴት ናት፤ አጭር፣ ክንዶቿ ላይ ካውያ የጠበሳቸው መስመሮች ያሉባት፣ የአባቷን ግንባር የያዘች። ወንበር ስትሰጣት አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ አራት ሐሙስ ጠበቅሁ» አለች። «አስር ሰዓት ሲሆን ካውያዬን አቆማለሁ። ጓደኞቼ ያዩኛል። ‹ለልጃቸው የሚነግሯት አለ› ያሉት ለእኔ ነው ብዬ። ትናንት በተቀበረበት ዕለት እንኳ፣ ከቀብሩ ተመልሼ ፋብሪካ ገባሁ፣ እዚያ ሆኜ ልሰማው ብዬ። ሙዚቃ አደረጋችሁ።»

እትዬ በቀጣይ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የኮቱን ኪስ፣ ፍርሃቱን፣ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ማኖራቸውን። ያልደበቀችው ነገር የለም፤ የሁለቱን ዓረፍተ ነገር ነገርም ነገረቻት።

«በራሱ አፍ?» አለች። «‹ወረቀቱ ነበር› አለ?»

«ብለዋል። ‹ልጄ አልዋሸችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ› ብለዋል።»

«ያሰሙኝ።»

«የለም አልኩሽ እህቴ። ጠፋ። በእኔ ጥፋት ነው የጠፋው።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። «እኔ አምንዎታለሁ» አለች። «ግን እኔ ባምን ምን ይረባኛል? እኔማ ድሮም አውቀው ነበር። የማያውቀው ሕዝቡ ነው።» በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ሰባት ደቂቃው ይበቃኝ ነበር እትዬ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር።»

እትዬ በቀጣይ ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፈች አታስታውስም። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያዎቹን አንብባ ከጨረሰች በኋላ ማይክሮፎኑን አልዘጋችም። «አንድ የቀረ አለ» አለች። ከዚያ በቃሏ፣ ያለ ወረቀት፣ መስመረኛው ያሉትን ተናገረች። ወረቀቱ እንደነበረ፣ ልጃቸው እንዳልዋሸች፣ ይህንንም በዚህ ጣቢያ ቀርበው በገዛ አንደበታቸው እንደተናገሩ፣ ቅጂው በጣቢያው ስሕተት እንደጠፋ ተናገረች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቴክኒሻኑ እጁ መዝጊያው ላይ ነበር፤ አልዘጋባትም።

ካውያ ክፍል የሆነውን በኋላ ነው የሰማችው። ሴቶቹ ካውያቸውን አቁመው ቆሙ አሉ። አንዷ፣ ያኔ ለቅሶው ላይ የነበረች አሮጊት፣ ልጅቱን አንገቷን አቅፋ «ይቅር በይን» አለቻት። አስራ አንድ ዓመት አንገቷን ደፍታ የገባች የወጣች ሴት ያን ቀን ቀና ብላ ወጣች አሉ። ማክሰኞ በአንዲት የሥራ ባልደረባዋ በኩል «እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» የሚል መልእክት እስከ ጣቢያው በር ደረሰ። እትዬ በቀጣይ ያን ቀን ምግብ በላች፤ ከቀብሩ ወዲህ በወጉ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነበር።

ረቡዕ የመስመረኛው ታናሽ እህት መጡ። ከሁለት ዘመዶች ጋር፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ። እትዬ በቀጣይ ተጠራች።

«ወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታምና ሚስቱን ገዳይ አደረጋችሁት» አሉ ሴትዮዋ። ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ሐዘን ያከሳቸው አሮጊት ናቸው። «እኔ ያን ቀን ለቅሶው ላይ አጠገቡ ነበርኩ። ወረቀት የለም ሲል ሰምቻለሁ። አሁን ነበር ካለ፣ ድምፁን አሰሙኝ። የወንድሜ ድምፅ አይጠፋኝም። ካሰማችሁኝ ሄጄ የልጅቱ እግር ላይ እወድቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ በቀጣይ አየ።

«የለማ!» አሉ ሴትዮዋ። «የለም! ልጅቱ መጥታ ነው የነገረቻችሁ። ዓርብ ከዚህ ስትወጣ ያዩዋት አሉ።»

ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ እትዬ በቀጣይ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎ ሰምተውታል። በጆሮዎ ሰምተውታል። ይንገሯቸው።»

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ሰምቻለሁ» አለ። «ግን ነገ ዋናው መሥሪያ ቤት ማስረጃ ሲለኝ፣ ሰምቻለሁ ብዬ ጆሮዬን ቆርጬ ልላክላቸው? ቅጂ የሌለው ነገር፣ እትዬ፣ አልተባለም ማለት ነው።»

«እሱስ?» አለች በሩ ላይ ወደቆመው ቴክኒሻን እያየች።

ቴክኒሻኑ ጫማውን አየ። «እኔ እንኳ ማሽኑን ነበር የማየው» አለ ድምፁ እየሰለለ። አራት ልጆች አሉት። እትዬ በቀጣይ ልትፈርድበት ፈለገች፤ አቃታት።

ማታውን ከዋናው መሥሪያ ቤት የማስተባበያ ወረቀት መጣ። ሐሙስ ጠዋት ይነበባል። የምታነበውም እሷው ናት፤ ሰኞ የተሰማው ድምፅ እሷው ስለሆነች፣ የሚያስተባብለውም ያው ድምፅ መሆን አለበት ብለዋል። ካላነበበች ግን ከሥራ ትታገዳለች፣ ወረቀቱንም ሌላ ሰው ያነበዋል። «እርስዎ አነበቡትም አላነበቡትም ይነበባል» አላት ሥራ አስኪያጁ። «እንግዲህ ሰባት ወር ነው የቀረዎት። ለምን ሲሉ?»

አላነብም ብላ ነበር ቤቷ የገባችው። አላነብም ብላ ተኛች፣ አላነብም ብላ ተነሳች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ የት ትቀመጥ? መብራቱ ቀላ። ወረቀቶቹ እንደ ተደረደሩ ፊቷ ነበሩ፤ መጀመሪያ የመንገድ ጥገናው፣ ቀጥሎ የክትባቱ ቀን። ሁለቱን አነበበች። ሦስተኛው ላይ ዐይኗ አረፈና፣ አፏ ቀደመ።

«ባለፈው ሰኞ በማስታወቂያ ሰዓታችን የአንድ ሟች ቤተሰብን በሚመለከት የተላለፈው መረጃ ያልተረጋገጠና ማስረጃ የሌለው መሆኑን እየገለጽን፣ የሟቹን ቤተሰብና ወዳጆች ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አልቸኮለችም፣ አልተንቀራፈፈችም። ሃያ ስምንት ዓመት የተሞረደ ድምፅ ነው፤ ለእውነቱም ለሐሰቱም እኩል ያምራል። መሃሉ ላይ «ማቆም እችላለሁ» የሚል ሐሳብ መጥቶባት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስና ላቁም አለች። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ወረቀቱም አለቀ።

ከስቱዲዮ እንደወጣች ማንንም ሳታናግር ወደ ልብስ ፋብሪካው ሄደች። ምን ልትል እንደሆነ አታውቅም። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ ገና ወጥቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆማትና ከካውያ ክፍል ማንን እንደምትፈልግ ጠየቃት፤ ነገረችው። ገብቶ ቆየ። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ቆመች። ከውስጥ የእንፋሎት ሽታና የማሽን ጩኸት ይመጣል፤ ሬዲዮው ግን አይሰማም፣ ዘግተውታል።

ልጅቱ አልወጣችም። የወጣችው ያቺ ማክሰኞ መልእክቱን ያደረሰችው ባልደረባዋ ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ከበሩ ሳታልፍ ቆመች።

«አትመጣም እትዬ።»

«አንዴ ብቻ ልያት። አንድ ቃል ብቻ ልንገራት።»

ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት። «አሁን ውስጥ ሲሉ የነበረውን ባይሰሙት ይሻላል። ያቺ አሮጊት እንኳ፣ ያቀፈቻት፣ ‹ሬዲዮውን አሳስታ አስነገረች› ብላ ተነስታ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።» ትንሽ አመነታች። «‹ምን ልበልልሽ?› አልኳት። ‹ሰምቻለሁ በያት› አለችኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሰምቻለሁ። ይኼው ነው።»

በወሩ መጨረሻ ልጅቱ ሥራዋን ለቃ ከከተማው ወጣች። ወዴት እንደሄደች ለማንም አልተናገረችም። አክስቷ ቤቷን ሄደው አንኳኩ አሉ፤ ለምን እንደሄዱ ግን የሚያውቅ የለም፣ ቤቱም ባዶ ነበር። «የመንደራችን ሰው» በአዲሱ የፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቀረ፤ በሐሙሱ ሰዓት ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ዜና ተተካ። እትዬ በቀጣይ ዝርዝሩን ሰኞ ጠዋት ለሕዝብ አነበበች። የቀራትን ሰባት ወርም ሠራች። ገበያ ውስጥ ሻጮቹ አሁንም ይቀልዱባታል። እሷም ፈገግ ትላለች፤ የሚመዘንላትንም ተቀብላ፣ ምን እንደገዛች ሳታይ፣ ቤቷ ትገባለች።